የስልካችንን ባትሪ ማን ይጨርሰዋል?

ሞባይል ስልክ ለመግዛት ወደ መደብር ጎራ ያለ ሰው ከሚያነሣቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ባትሪው ስንት ነው?» የሚል ነው። ሻጩም ሳያመነታ «አምስት ሺህ ነው፤ ሁለት ቀን ያቆያል» ሲል ይመልሳል። ገዢው በቁጥሩ ትልቅነት ረክቶ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ሆኖም በዚያው ዕለት ያንኑ «አምስት ሺህ» የያዘ ሌላ ዓይነት ስልክ የገዛው ጓደኛው እስከ ማግስቱ ማታ ሲገለገል፣ የእርሱ ስልክ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጠፋል። ሁለቱም ባትሪዎች አዲስና ደኅና ናቸው። በላያቸው የተጻፈው ቁጥርም ትክክል ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጥያቄው ለጨዋታ ብቻ የሚነሣ አይደለም። የትምህርት ጽሑፎቹን በስልኩ ጭኖ የሚያጠና ተማሪ በፈተና ዋዜማ መብራት ቢጠፋበት፣ በባትሪው ውስጥ የቀረችው ኢነርጂ ሁለት ሰዓት ታስነብበው ወይም ስድስት ሰዓት የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ቀበሌ ለሚኖርና ስልኩን ለማስሞላት መንገድ ሄዶ ገንዘብ ለሚከፍል ሰው ደግሞ መልሱ በየሳምንቱ ከኪሱ ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ይያያዛል። በዚህ ጽሑፍ የስልክ ባትሪ ዕድሜ በባትሪው መጠን ብቻ እንደማይወሰን፣ ይልቁንም ሁለቱ ዋና ተጠቃሚዎቹ ማለትም ስክሪኑና ፕሮሰሰሩ ተባብረው እንዴት እንደሚወስኑት እንመለከታለን።

ቁጥሩ ምን ይላል? ምንስ ይደብቃል?

በባትሪ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚለካ ነው። 5000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ማለት ባትሪው 5 አምፒር ለአንድ ሰዓት፣ ወይም 1 አምፒር ለአምስት ሰዓት ሊያፈስ የሚችል ቻርጅ ይዟል ማለት ነው። ይህ ግን የቻርጅ መጠን እንጂ የኢነርጂ መጠን አይደለም። ኢነርጂውን ለማግኘት በቮልቴጁ ማባዛት ያስፈልጋል። በዘመናችን ስልኮች ውስጥ የሚገኘው ሊቲየም-አዮን ባትሪ አማካይ ቮልቴጁ 3.85 ቮልት ገደማ በመሆኑ፣ 5 አምፒር-ሰዓት × 3.85 ቮልት = 19.25 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በጁል ሲገለጽ 69,300 ጁል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ ቀላል ማካፈል ነው። ባትሪው የሚቆይበት ጊዜ የተከማቸው ኢነርጂ ለፍጆታው ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ስልኩ በአማካይ 1 ዋት የሚወስድ ከሆነ ከ19 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ 3 ዋት የሚወስድ ከሆነ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። አንድ ቤተሰብ ክረምቱን የሚሻገረው ጎተራው ሰፊ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚሰፈረው እህልም ይወስነዋል። በስልኩ ማሸጊያ ካርቶን ላይ የምናነበው ቁጥር የጎተራውን ስፋት ይነግረናል፤ ስለ ሰፋሪው ግን አንዳች ነገር አይናገርም።

ሰፋሪው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ የቀረበውንና በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠውን ኖኪያ 1100 እናስታውስ። ባትሪው 850 ሚሊ አምፒር-ሰዓት፣ ማለትም 3.1 ዋት-ሰዓት ገደማ ብቻ ነበር። ይህም ከዛሬው ባለ አምስት ሺህ ባትሪ አንድ ስድስተኛ ነው። ያም ሆኖ አምራቹ ስልኩ ጥሪ ብቻ እየጠበቀ እስከ 400 ሰዓት እንደሚቆይ ይገልጽ ነበር። 3.1 ዋት-ሰዓትን ለ400 ብናካፍል 8 ሚሊ ዋት ያህል እናገኛለን። የዛሬው 19.25 ዋት-ሰዓት በዚሁ በ8 ሚሊ ዋት ቢሰፈር ስልኩ መቶ ቀን ያህል በቆየ ነበር!

ነገር ግን አንቸኩል። የዚያው የኖኪያ 1100 የንግግር ጊዜ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ተብሎ የተገለጸ ነበር። ይህን ስናሰላ 0.7 ዋት ያህል ይሆናል፤ ጥሪ ከመጠባበቁ ጋር ሲነጻጸር ወደ ዘጠና እጥፍ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ አሮጌው ስልክም ቢሆን ሥራ ሲበዛበት አባካኝ ነበር። ምስጢሩ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አለመኖሩ ነው። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ፣ ጠባብና ያለ ብርሃን የሚነበብ ነበር፤ ፕሮሰሰሩም አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ያሳልፍ ነበር። ዛሬ የተለወጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ባትሪው ራሱስ አልተሻሻለም ወይ? ተሻሽሏል፤ ግን በዝግታ። ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ሊቲየም-አዮን ባትሪ በአንድ ኪሎ ግራም 80 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዝ ነበር። ዛሬ 250 ዋት-ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚይዙ አሉ። ይህ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ በፈጀ ጥረት የተገኘ የሦስት እጥፍ ያህል ዕድገት ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራው የመጀመሪያው የአርም ፕሮሰሰር 25,000 ያህል ትራንዚስተሮች ሲኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአፕል ኤ17 ፕሮ 19 ቢሊዮን ትራንዚስተሮች አሉት። ጎተራው በሦስት እጥፍ ሲሰፋ ተመጋቢው በመቶ ሺዎች እጥፍ ተባዝቷል። ስለዚህ የስልክ መሐንዲሶች ተስፋቸውን በባትሪው ላይ ብቻ ሊጥሉ አልቻሉም፤ ቁጠባን መማር ነበረባቸው።

ብርሃኑን የሚያባክነው ስክሪን

በርካሽ ስልኮች ላይ በብዛት የሚገኘው ኤልሲዲ የሚባለው ስክሪን ነው። አሠራሩን በመስኮትና በመጋረጃ መመሰል ይቻላል። ከስክሪኑ ጀርባ ነጭ ብርሃን የሚሰጡ ኤልኢዲ መብራቶች አሉ። ከፊታቸው ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ደግሞ በየፒክስሉ እንደ መጋረጃ እየተከፈተና እየተዘጋ ምስሉን ይሥላል።

ችግሩ ብርሃኑ ዐይናችን እስኪደርስ የሚያልፍባቸው በሮች ናቸው። የመጀመሪያው ፖላራይዘር የሚባለው ስስ ንጣፍ ሲሆን፣ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ አሳልፎ ግማሹን ያስቀራል። ቀጥሎ የቀለም ማጣሪያው ይመጣል። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች አሉት፤ ቀዩ ክፍል ቀዩን አሳልፎ ሌሎቹን ቀለሞች ስለሚውጥ ከቀረው ብርሃን ሁለት ሦስተኛው ይባክናል። ግማሽ ሲባዛ በአንድ ሦስተኛ አንድ ስድስተኛ ነው። በፒክስሎቹ መካከል ያሉት ሽቦዎችና ትራንዚስተሮች የሚጋርዱት ሲጨመርበት ከመብራቱ ከወጣው ብርሃን ወደ ውጭ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም።

ከዚህም በላይ ኤልሲዲ ጥቁር ቀለም ሲያሳይ መጋረጃውን ይዘጋል እንጂ መብራቱን አያጠፋም። የክፍሉ መብራት እየበራ መስኮቱን እንደ መሸፈን ነው፤ ከውጭ ሲታይ ጨለማ ቢመስልም ቆጣሪው ግን ይቆጥራል። በመሆኑም ጥቁር መደብ ያለውን የስልክ ገጽታ መጠቀም ባትሪ ይቆጥባል የሚለው በየቦታው የሚሰማ ምክር በኤልሲዲ ስልክ ላይ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል።

ምክሩ የሚሠራው ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ላይ ነው። ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ የኢስትማን ኮዳክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ባደረጉት ግኝት መሠረት፣ እጅግ ስስ የሆኑ የኦርጋኒክ ውሁዶች ንብርብር ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በራሱ ብርሃን ይሰጣል። በኦሌድ ስክሪን እያንዳንዱ ፒክስል ራሱን የቻለ መብራት ነው። የኋላ መብራትም መጋረጃም የለውም። ጥቁር የሚሆነው ፒክስል ይጠፋል፤ የጠፋ ፒክስል ደግሞ ብርሃን ለመስጠት ኢነርጂ አይወስድም።

ይህ ማለት የኦሌድ ስክሪን ፍጆታ የሚወሰነው በምናየው ነገር ነው ማለት ነው። የሌሊት ሰማይ ፎቶግራፍ ጥቂት ይወስዳል፤ ነጭ መደብ ያለው የመጽሐፍ ገጽ ግን ሁሉንም ፒክስሎች ስለሚያበራ ብዙ ይወስዳል። እንዲህ ባለ ጊዜ ኦሌድ ከኤልሲዲ ያለው ብልጫ ሊጠብ፣ አልፎ አልፎም ሊገለበጥ ይችላል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያቀረቡት ጥናት በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። የስክሪኑ ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ ባለ ጊዜ ከነጭ ወደ ጥቁር መደብ መለወጥ በአማካይ ከ39 እስከ 47 በመቶ የሚሆን ፍጆታ ያድናል። ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ግን የሚድነው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ከቀለሙ ይልቅ የብርሃኑ መጠን እንደሚበልጥ ከዚህ እንረዳለን።

የብርሃኑን መጠን መቀነስ የሚያስገኘው ጥቅም ከጉዳቱ የሚበልጥበት ምክንያት በዐይናችን ተፈጥሮ ውስጥ ይገኛል። ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን በግማሽ ሲቀንስ ለብርሃኑ የሚወጣው ኢነርጂም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ዐይን ግን ብርሃንን እንደ ሚዛን በቀጥታ አይለካም፤ ግማሹ የጠፋው ብርሃን ጥቂት ብቻ የደበዘዘ ይመስለዋል። በተለይ በጨለማ ክፍል ለሚያነብ ሰው ይህ በነጻ የተገኘ ሰዓት ነው።

ሌላው ወጪ እንቅስቃሴ ነው። የተለመደው ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል፤ ብዙ አዳዲስ ስልኮች ይህን ወደ 120 አሳድገውታል። እንቅስቃሴው ይለሰልሳል፤ ሥራውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጡ አንዳንድ ስልኮች ምስሉ ጸጥ ሲል የእድሳቱን ብዛት በሰከንድ እስከ 1 ጊዜ ድረስ ዝቅ የሚያደርግ ስክሪን ተገጥሞላቸዋል። የማይለወጥ ገጽ እያነበብን ሳለ ያንኑ ፊደል በሰከንድ 120 ጊዜ መጻፍ ለማን ይጠቅማል?

ያለ ኤሌክትሪክ የሠራው ፕሮሰሰር

ወደ ሁለተኛው ተጠቃሚ እንለፍ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1985 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የሚገኘው የኤኮርን ኩባንያ ባልደረቦች አዲስ የሠሩትን ፕሮሰሰር ለመጀመሪያ ጊዜ ሞከሩ። ንድፉን ያወጡት ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ነበሩ። ፕሮሰሰሩ በትክክል ሠራ። ፍጆታውን ለመለካት አሚሜትር ሲያገናኙ ግን ንባቡ ዜሮ ሆነ። ነገሩ ሲጣራ የፕሮሰሰሩ የኤሌክትሪክ ምንጭ ጨርሶ አልተገናኘም ነበር! ፕሮሰሰሩ ይሠራ የነበረው ከሌሎቹ ክፍሎች በመልእክት መስመሮቹ በኩል ሾልኮ በሚገባ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነበር።

የሚገርመው፣ ሠሪዎቹ በዚያን ጊዜ የሚያስቡት ለኪስ ስልክ አልነበረም። የፈለጉት ፕሮሰሰሩ ሳይግል በርካሽ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ እንዲገባ ከ1 ዋት በታች እንዲወስድ ብቻ ነበር። አርም የተባለው የዚህ ፕሮሰሰር ዝርያ ግን ዛሬ የዓለምን ስማርት ስልኮች በሙሉ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ያንቀሳቅሳል። ለርካሽነት ሲባል የመጣው ቁጠባ ኋላ ለባትሪ ሆነ።

ፕሮሰሰር ኢነርጂ የሚያወጣበትን መንገድ አንድ አጭር ቀመር ይገልጸዋል። ትራንዚስተሮቹና ሽቦዎቹ እንደ ጥቃቅን ካፓሲተሮች በየምቱ ይሞላሉ፣ ይራገፋሉም። ፍጆታው ከካፓሲታንሱ፣ ከቮልቴጁ ስኩዌርና በሰከንድ ከሚመታው ምት ብዛት ብዜት ጋር የተመጣጠነ ነው። በዚህ ቀመር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው «ስኩዌር» የሚለው ቃል ነው። ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀንስ ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቻቸው በአይቢኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት፣ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁንም አብሮ መቀነስ ይቻላል። በ1980ዎቹ ዓመታት የተለመደው 5 ቮልት ወደ 1 ቮልት ገደማ ሲወርድ ለአንድ ምት የሚወጣው ኢነርጂ ከቮልቴጁ ብቻ በ25 እጥፍ ቀነሰ። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ወዲህ ይህ መንገድ እየጠበበ ሄዷል። ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሥራ ፈትቶም ሳለ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ኤሌክትሪክ ያንጠባጥባል።

መሐንዲሶቹ ታዲያ ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። አርም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገው አሠራር በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ዓይነት ፕሮሰሰሮች፣ ማለትም ፈጣን ግን አባካኝ የሆኑ ትልልቆችና ዝግተኛ ግን ቆጣቢ የሆኑ ትንንሾች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መልእክት መቀበልንና ሙዚቃ ማጫወትን የመሰለ ቀላል ሥራ ለትንንሾቹ ይሰጣል፤ ከባዱ ሥራ ሲመጣ ትልልቆቹ ይቀሰቀሳሉ። ቪዲዮ መፍታትን ለመሰለ ሥራ ደግሞ ያንን ብቻ የሚያውቅ ልዩ ክፍል አለ። ስልካችን አዲስ ዓይነት የቪዲዮ ፎርማት ሲያጫውት የሚግልብን ብዙውን ጊዜ ልዩው ክፍል ያንን ፎርማት ስለማያውቀውና ሸክሙ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ስለሚወድቅ ነው።

ሁለቱ በአንድ ሒሳብ

እስካሁን ስክሪኑንና ፕሮሰሰሩን ለየብቻ ተመልክተናል። እውነተኛው ስልክ ግን ሁለቱን ከአንድ ጎተራ ይመግባል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ፕሮሰሰር በ1 ቮልት በሰከንድ 2 ቢሊዮን ጊዜ ሲመታ 2 ዋት ይወስዳል እንበል። 2 ቢሊዮን ምት የሚጠይቅ ሥራ ቢሰጠው በ1 ሰከንድ ይጨርሳል፤ ያወጣውም 2 ጁል ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰን ቮልቴጁን ወደ 0.7 ብናወርድ ፍጆታው 0.49 ዋት ይሆናል። ሥራው ሁለት ሰከንድ ቢፈጅም የሚያወጣው 0.98 ጁል ብቻ ነው። ዝግታ ከግማሽ በላይ አተረፈ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስክሪኑን እንጨምርበት። ተጠቃሚው ውጤቱን እየጠበቀ ሳለ ስክሪኑ 1 ዋት እየወሰደ ይበራል እንበል። በፈጣኑ መንገድ 2 እና 1 ሲደመር 3 ጁል ይሆናል። በዝግተኛው መንገድ 0.98 እና 2 ሲደመር 2.98 ጁል ይሆናል። ትርፉ ጠፋ! ተጠቃሚው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሆኖ ስክሪኑን ወደ 2 ዋት ቢያሳድገው ደግሞ ፈጣኑ 4 ጁል፣ ዝግተኛው ወደ 5 ጁል የሚጠጋ ያወጣሉ። ያው ዝግታ አሁን ኪሳራ ሆነ።

ከዚህ ሒሳብ የምንማረው ቁም ነገር ቆጣቢ የሚባል ፕሮሰሰርም ሆነ ቆጣቢ የሚባል ስክሪን ብቻውን እንደሌለ ነው። ስክሪኑ ጠፍቶ በጀርባ የሚከናወን ሥራ በዝግታ ቢሠራ ይሻላል፤ ሰው ዐይኑን ተክሎ የሚጠብቀው ሥራ ግን ቶሎ ተጠናቅቆ ፕሮሰሰሩ ወደ እንቅልፉ ቢመለስ፣ ስክሪኑም ቢጠፋ ይመረጣል። በመግቢያችን ያየናቸው የሁለቱ ጓደኛሞች ስልኮች በአንድ ዓይነት ባትሪ የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የአንዱ ፕሮሰሰር አሮጌ፣ ስክሪኑም ከሚያበራው የሚያባክነው የሚበልጥ ሊሆን ይችላል።

እናንተም ሞክሩት

ይህን ሁሉ ያለ ቤተ ሙከራ መፈተሽ ይቻላል። በመጀመሪያ የስክሪናችሁን ዓይነት ለዩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ምስል ክፈቱ። ስክሪኑ ግራጫ ብርሃን ካሳየ ኤልሲዲ ነው፤ ከጨለማው ጋር ተመሳስሎ ከጠፋ ኦሌድ ነው።

ቀጥሎ ስልኩን ከኔትወርክ አላቃችሁ፣ ብርሃኑን በራሱ የሚያስተካክለውን ክፍል አጥፍታችሁ፣ ነጭ ምስል በሙሉ ብርሃን ለአንድ ሰዓት አሳዩ። በመነሻውና በመድረሻው ባትሪው ስንት በመቶ እንደ ነበር መዝግቡ። ከዚያ ከተመሳሳይ መነሻ በመጀመር በዝቅተኛ ብርሃን፣ በመጨረሻም በጥቁር ምስል ድገሙት። ባለ 19 ዋት-ሰዓት ባትሪ በአንድ ሰዓት 10 በመቶ ከቀነሰ ስልኩ 1.9 ዋት ወስዷል ማለት ነው። ያረጀ ባትሪ የተጻፈበትን ያህል ስለማይዝ የዋቱ ቁጥር ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል፤ በሙከራዎቹ መካከል ያለው ንጽጽር ግን አይዛባም።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ስለ ራሳችሁ ስልክ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁን ታገኛላችሁ። ኤልሲዲ ከሆነ የመደቡን ቀለም ተዉት፣ ብርሃኑን ቀንሱ። ኦሌድ ከሆነ ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ብርሃኑ ግን ይቅደም። በሚቀጥለው ጊዜ ስልክ ስትገዙም «ባትሪው ስንት ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥላችሁ «ስክሪኑ ምን ዓይነት ነው? ፕሮሰሰሩስ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መብራት በጠፋበት ሌሊት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያደርሳችሁ ከባትሪው ስፋት ጋር የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ነው።